ለሕፃኑ ማን የሚል ስም እናውጣለት?

የሚነበብ፤ ሉቃስ 1፥57—66፤ ዘፍጥረት 29፥31—35።

ካህኑ ዘካርያስ ድዳ ሆኖ ሳለ ልጁ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡ፤ ሕፃኑንም እንደ ወጉ በአባቱ ስም ሊጠሩት ወደዱ። እናቱ ኤልሳቤጥ ግን ዮሐንስ እንዲባል ቈርጣ ተናገረች። እነርሱም ከዘመዶቿ በዚህ ስም የተጠራ አንድ ሰው ስንኳ እንደሌለ አስታወሷት፤ ነገሩንም እርሷ እንዳትጨርሰው ወደ አባቱ በምልክት ጠየቁ። አባቱም ሰሌዳ አስመጥቶ የሚስቱን ቃል በጽሕፈት አጸና። ይህን ክፍል ባነበብን ቍጥር በይሁዳ ተራራማ አገር የተደረገው ያ ክርክር በእኛም ደጋ አገር፥ በየአራስ ቤቱ፥ ገንፎው ገና ሳይበርድ እስከ ዛሬ እንደሚደረግ እናስባለን። አያት አንድ ስም ይዛ ትመጣለች፥ አባት ሌላ፥ አጎት ሌላ፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እናት ግን ብዙ ጊዜ የምትጠየቀው በመጨረሻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማኅበረ ምእመናናችን አንድ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ክርክር ይዘው ወደ እኛ መጡ። የበኵር ልጃቸው በሁለት ዓመቱ በሕመም ዐርፎባቸው ነበር፤ ከዚያም በኋላ እግዚአብሔር ሌላ ወንድ ልጅ ሰጣቸው። የአባትየው እናት ሕፃኑ «ምትኩ» እንዲባል ፈለጉ፤ የሟቹ ምትክ ነውና። አባቱ የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ማኅበር አገልጋይ ነበረ፤ «እኛ አማኞች ነን፤ የአማኝ ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ሊኖረው ይገባል፤ ናትናኤል ይባል» አለ። እናቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ መሬት መሬት ታይ ነበር። አያቲቱም «ቄስ፥ እርስዎ ይፍረዱን» አሉን። እኛም በዚያው ሰዓት ለመፍረድ ስላልደፈርን የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጠናቸው። በዚያ ሳምንት ቅዱሳት መጻሕፍትን ገልጠን፥ ያገራችንንም ስሞች አንድ በአንድ መርምረን ያገኘነውን ለተወደዳችሁ አንባብያን ለማካፈል ይህን ጽፈናል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ለመጥምቁ ዮሐንስና ለጌታችን በእውነት መልአክ አወጣላቸው (ሉቃ. 1፥13፤ ማቴ. 1፥21)። ለሌሎቻችን ግን ስም የሚያወጣልን የወላጆቻችን ልብ ነው፤ በልባቸውም ያለው ደስታ፥ ሐዘን፥ ፍርሃት፥ ቂምና ተስፋ ሁሉ በልጁ ስም ላይ ይወጣል። ስለዚህ የስም መዝገብን በትዕግሥት የሚያነብ ሰው የየቤቱን ታሪክ ያነባል። አበበ፥ በቀለ፥ ለማ፥ ታደሰ የሚሉት ስሞች ቤቱ እንደ መስክ አብቦ፥ በቅሎ፥ ለምቶና ታድሶ የታየበትን ቀን ይመሰክራሉ። ጥላሁን የተባለው ልጅ ወላጆቹ በእርጅናቸው ጥላ እንዲሆናቸው የተመኙት ነው፤ ጋሻውም ጋሻ እንዲሆናቸው። ዓለማየሁ የሚለው ስም፥ ከብዙ መከራ በኋላ ደስታን ያየ ሰው ቃል ነው፤ ዓለም ባማርኛ ደስታና ድሎትም ማለት ነውና።

ከጦርነት ዘመን የተረፉልን ስሞችም ብዙዎች ናቸው። ሽፈራው ሺህ ሰው እንዲፈራው፥ ማንደፍሮ የሚደፍረው እንዳይገኝ፥ ደምሴ ጠላቱን እንዲደመስስ፥ በላቸው ደግሞ እንዲመታቸው የወጣላቸው ስም ነው። ማንን እንደሚመቱ ግን ስሙ አይናገርም። እኛ በላቸው የሚባሉ እጅግ የዋሃን ሽማግሌዎችን እናውቃለን፤ ስለዚህ ስም ሰውን ይሠራዋል የሚለውን አነጋገር በመጠኑ እንጂ በሙሉ አንቀበለውም።

ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ልባችንን የሚነኩት ከሞት በኋላ የሚወጡ ስሞች ናቸው። ካሣ፥ ምትኩ፥ ተካ፥ ማስረሻ የሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ ከመቃብር በኋላ የተወለዱ ናቸው። ካሣ የሚለውን ስም ሁለት ነገሥታት ሳይቀሩ ተሸክመውት ነበር፤ በ1855 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የነገሡት ዳግማዊ ቴዎድሮስ፥ በ1872ም የነገሡት አራተኛው ዮሐንስ፥ ሁለቱም ከንግሥና በፊት ካሣ ይባሉ ነበር። ሕፃናት በየጊዜው ይሞቱበት በነበረው ዘመን አንዳንድ ቤት ደግሞ ከዚህ ዐልፎ ለተወለደው ልጅ የሚናቅና የሚያስጸይፍ ስም ያወጣለት ነበር፤ ይኸውም ሞት ወይም ቡዳ ሰምቶ እንዲንቀውና እንዲያልፈው ነው። በዚህ ነገር እናዝናለን እንጂ አንሥቅም፤ ሦስት ልጆች ቀብራ አራተኛውን የታቀፈች እናት ምን እንደማታደርግ ማን ያውቃል? ሆኖም ልጁ ባደገ ጊዜ የወላጆቹን ፍርሃት በስሙ ተሸክሞ ይኖራል። በክርስቶስ ያመነ ቤት ሞትን በስም ለማታለል አይሞክርም፤ ሞትን ያሸነፈው ጌታ የልጁን ትክክለኛ ስም ያውቃልና።

እንግዲህ ምትኩ የሚለው ስም ከየትኛው ወገን ነው? ከፍርሃት ነውን ወይስ ከእምነት? መልሱን በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ላይ አገኘነው። አቤል ከተገደለ በኋላ ሔዋን ሌላ ወንድ ልጅ ወለደች፤ እግዚአብሔር በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር እንደ ሰጣት ተናግራም ስሙን ሴት አለችው (ዘፍ. 4፥25)። በዕብራይስጥ የስሙ ቃል ከማኖርና ከመተካት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የአዳም ሦስተኛ ልጅ ባማርኛ ሲተረጐም ምትኩ ነው! ይህን ስም በፊደሉ እንዳለ ለወንድ ልጅ ልናወጣለት የማንችልበትን ምክንያት አንባቢ ሳንነግረው ያውቀዋል፤ በቋንቋችን ሴት ማለት ሌላ ነውና ምስኪኑ ልጅ በትምህርት ቤት ዕረፍት አያገኝም። ስለዚህ የሔዋንን ስም የሚወድ ሁሉ ትርጕሙን ይወስዳል፤ አያቲቱም ሳያውቁት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሌላም እንጨምር። ዮሴፍ በግብፅ በኵር ልጁን ምናሴ አለው፤ እግዚአብሔር መከራውንና የአባቱን ቤት እንዳስረሳው ሲናገር ነው (ዘፍ. 41፥51)። ይህስ ማስረሻ ከሚለው ስማችን በምን ይለያል? ሁለተኛውን ልጁን ኤፍሬም አለው፤ በመከራው አገር ማፍራቱን ለማስታወስ ነው፤ ለማና ፍሬው የሚሉትን ስሞች ይመስላል። ቀድሞ ሆሴዕ ይባል የነበረውን የነዌን ልጅ ሙሴ ኢያሱ ብሎ ጠራው (ዘኍ. 13፥16)፤ ትርጕሙ እግዚአብሔር ያድናል ማለት ሲሆን በኦሮምኛ ፈይሣ የሚለው ስም፥ አዳኝ፥ ፈዋሽ ማለት ስለ ሆነ፥ ከእርሱ ሩቅ አይደለም። የሐናን ልጅ ሳሙኤልን ስናስብ ደግሞ ተሰማ የሚባሉት ወንድሞቻችን ትዝ ይሉናል፤ እግዚአብሔር የእናቲቱን ልመና ሰምቷልና (1ሳሙ. 1፥20)። ይህን ሁሉ የምንጽፈው ወጣቶቻችን የመጽሐፍ ቅዱስ ስምና ያገር ስም እንደ ብርሃንና ጨለማ የተለያዩ እየመሰላቸው ስለሚሳሳቱ ነው። የእስራኤል እናቶች ልጆቻቸውን የጠሩት ባገራቸው ቋንቋ፥ በዚያ ቀን በልባቸው በነበረው ነገር ነው። ስሞቹ ለእኛ የተቀደሱ ሆነው የሚሰሙን ቃሉን ስለማናውቀው ጭምር ነው።

ስለ ቃሉ ካነሣን ዘንድ የሴማውያን ቋንቋ ዘመዶች ለሆንነው ለእኛ የዕብራይስጥ ስሞች ለሌላው ሕዝብ እንደሚርቁት እንደማይርቁን እናስተውል። ይስሐቅ የሚለውን ስም የሰማ ሁሉ ሣቅን ያስታውሳል፤ አብርሃምና ሣራም ስለዚህ ልጅ ሥቀዋል (ዘፍ. 17፥17፤ 18፥12)። ስምዖን ከሰማ፥ ዳንኤል ከዳኛ፥ ዘካርያስ ከዝክር፥ ሰሎሞን ከሰላም ጋር የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ሳኦል የተለመነ ማለት ነው፤ ስእለት ከሚለው ቃላችን ጋር ዘመድ ነው። አቤሴሎም የሰላም አባት ማለት ስለ ሆነ፥ አባቱን ያሳደደው ዐመፀኛና ወንጌልን ወደ አክሱም ያመጣው አባ ሰላማ በስም ሞክሼ ናቸው ለማለት ምንም አይቀረን፤ ሕይወታቸው ግን ምን ያህል ተራራቀ! በዘመናችን ወላጆች አቤኔዘር ብለው ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ይህ ስም በመጀመሪያ የሰው ሳይሆን ሳሙኤል ያቆመው ድንጋይ ስም ነበረ (1ሳሙ. 7፥12)፤ የረድኤት ድንጋይ ማለት ነው፤ በግዕዝም ድንጋይ እብን ይባላል። ካሌብ የሚለው ስም ደግሞ በዕብራይስጥ ከውሻ ስም ጋር በፊደል አንድ ነው፤ በግዕዝም ውሻ ከልብ ነውና ጆሯችን ይህን ይመሰክራል። የዮፎኒ ልጅ ካሌብ ግን እግዚአብሔርን ፈጽሞ የተከተለ ሰው ነበረ፤ በስድስተኛው መቶ ዓመትም የአክሱም ንጉሥ ስሙን ይዞ ነግሦበታል። እኛ ይህን ለወላጆች ሁሉ እንነግራለን፤ እስካሁን ግን ከዚህ የተነሣ ስሙን የተወ አንድ አባት አላየንም፥ ደግም አድርገዋል።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ወላጆች ከመጽሐፍ ቅዱስ ድምፁ የጣማቸውን ስም ይመርጣሉ እንጂ ምዕራፉን አያነቡም። አንድ ወጣት አባት ልጁን ሎዓሚ ሊለው ፈልጎ ወደ እኛ መጣ፤ አዲስና ያልተለመደ ስም ሆኖ አገኘው። ትንቢተ ሆሴዕን አብረን ገለጥን። ሎዓሚ ማለት ሕዝቤ ያይደለ ማለት እንደ ሆነ፥ ይህም ስም ለተናቀው ቃል ኪዳን ምልክት እንደ ተሰጠ ባነበበ ጊዜ (ሆሴ. 1፥9) ደንግጦ መጽሐፉን ዘጋ። ሌላው ኢዮርብዓምን መርጦ ነበር፤ እስራኤልን ያሳተው ንጉሥ መሆኑን ዘንግቶታል። ኢካቦድም (1ሳሙ. 4፥21) ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ክብር ከእስራኤል እንደ ሄደ የምትናገር እናት የሞት አልጋ ላይ ሆና ያወጣችው ስም ነው። የሚያሳዝነውም ደግሞ ይሁዳ የሚለው ስም ነው። ትርጕሙ ምስጋና ነው፤ ጌታችንም ከይሁዳ ነገድ ተወለደ። ነገር ግን ጌታን አሳልፎ የሰጠው ሰውም በዚሁ ስም ስለ ተጠራ ባገራችን ይሁዳ ማለት ከዳተኛ ማለት ሆኖ ቀረ። አንድ ሰው መልካሙን ስም ለብዙ ትውልድ እንዴት እንደሚያበላሸው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አናውቅም።

በሌላ በኩል ደግሞ የአረማዊ መነሻ ያላቸው ስሞች በቅዱሳን ላይ ተቀድሰው እናያቸዋለን። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ላሉት ሰላምታ ሲልክ ከጠራቸው አንዱ የሄርሜን ስም አለው (ሮሜ 16፥14)፤ ይህም የግሪኮች ጣዖት ስም ነው። አፍሮዲጡ (ፊልጵ. 2፥25) በአፍሮዲጤ፥ አጵሎስ በአጶሎን ስም የተጠሩ ናቸው፤ እነዚህም ሁለቱ የግሪክ ጣዖታት ናቸው። ሐዋርያው ስማችሁን ለውጡ አላላቸውም፤ አፍሮዲጡን ወንድሜና አብሮኝ የሚሠራ ብሎ ሲጠራው በዚያው ስሙ ነው። የተሐድሶ አባታችን ሉተር በ1483 በኅዳር 10 ቀን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወልዶ በማግስቱ ተጠመቀ፤ ቀኑ የቅዱስ ማርቲን በዓል ነበረና ማርቲን ተባለ። ማርቲን ደግሞ ከሮማውያን የጦርነት ጣዖት ከማርስ የመጣ ስም ነው። እርሱም ሲያድግ ስሙን አልጣለም፤ ለሁለተኛው ወንድ ልጁም ራሱ ማርቲን አለው፤ የበኵሩን ዮሐንስ፥ የሦስተኛውን ጳውሎስ ብሎ ጠርቷል።

ይህን በጊዜው ባስተዋልን ኖሮ እኛ ራሳችን ያደረግነውን ስሕተት ባላደረግን ነበር። በአገልግሎታችን መጀመሪያ ዓመታት አንድ ጐልማሳ ለጥምቀት ተዘጋጅቶ ቀረበ፤ ስሙ ዋቅጅራ ይባል ነበር። እኛም ሳንጠይቀው በመዝገቡ ላይ ጴጥሮስ ብለን ጻፍን፤ እርሱም ስላከበረን ዝም አለ። ከዓመታት በኋላ ልጁ ሊያገባ መጣ። በትምህርት ቤቱ ወረቀት የአባቱ ስም ዋቅጅራ ነው፤ በእኛ መዝገብ ጴጥሮስ። እንደምታውቁት በእኛ አገር የአባት ስም የልጁ ሁለተኛ ስም ነውና ልጁ «አባቴ ሁለት ሰው ሆነብኝ» ብሎ አጕረመረመ። አባትየው ግን በጸጥታ፥ «ቄስ፥ ዋቅጅራ ማለት እግዚአብሔር አለ ማለት ነው። እግዚአብሔር አለ ማለት ምን ጥፋት ኖሮበታል?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አልነበረንም። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እግዚአብሔርን ዋቃዮ ብሎ ይጠራል፤ እኛም በየእሑዱ በዚያው ስም እንባርክ ነበር። መዝገቡን በፊቱ አርመን ይቅርታ ጠየቅነው። በብዙ ስፍራ፥ በትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያንም፥ የኦሮሞ፥ የከምባታ፥ የወላይታና የሌሎችም ሕዝቦች ልጆች ስማቸው እንዲሁ ሳይጠየቁ እንደ ተለወጠባቸው እናውቃለን፤ ወንጌል ይህን አላዘዘም።

ሰው ራሱ ወድዶ አዲስ ስም ሲቀበልስ? ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህም ኦኔሲሞስ ነሲብን እናስታውሳለን። ይህ የእግዚአብሔር ሰው በኢሉባቦር ተወልዶ ሂካ ይባል ነበር። በልጅነቱ የባሪያ ነጋዴዎች ነጠቁት፤ ከእጅ ወደ እጅም ተሸጠ። በ1870 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ፥ ኦኔሲሞስም ተባለ። በዚያው ዓመት ካሣ በአክሱም ዮሐንስ ተብለው መንገሣቸውን ከላይ አንሥተናል፤ ንጉሡም ነጻ የወጣው ባሪያም በአንድ ዓመት አዲስ ስም ተቀበሉ ማለት ነው። ኦኔሲሞስ በግሪክ ጠቃሚ ማለት ነው። በፊልሞና መልእክት (ቍ. 10—11) ጳውሎስ በዚሁ ትርጕም እየተጫወተ፥ ቀድሞ የማይጠቅም የነበረው የኰበለለ ባሪያ አሁን ለጌታውም ለእርሱም እንደሚጠቅም ይጽፋል። ነሲብ የሚለው ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ዕድል ፈንታ ማለት ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የሚያስደንቀን የመጀመሪያው ስሙ ነው። ሂካ የሚለው የኦሮምኛ ቃል የሚፈታ፥ የሚተረጕም ማለት ነው። ባማርኛችንም እስረኛ ይፈታል፥ ሕልምም ይፈታል፤ የቃል ትርጕምም ፍቺ ይባላልና ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ተስማምተዋል። ወላጆቹ ይህን ስም ሲያወጡለት ሕፃኑ እንደሚታሰርና እንደሚፈታ፥ የእግዚአብሔርንም ቃል ለሕዝቡ እንደሚፈታ ከቶ አላሰቡም። እርሱ ግን በ1893 አዲስ ኪዳንን፥ በ1899ም አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ አሳተመ፤ እስከ 1931 ድረስም በወለጋ ወንጌልን አስተማረ። ጥምቀቱ ኦኔሲሞስ አደረገው፤ እግዚአብሔር ግን በጥምቀት የተወውን ስም ሠርቶበታል።

ስለ ግዕዝ ስሞች ጥቂት ሳንል አንለፍ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ ከሌላ ስም ጋር ተናብቦ የሚነገር ነው። ገብረ አገልጋይ፥ ወልደ ልጅ፥ ተክለ ተክል፥ ኃይለ ኃይል፥ ፍቅረ ፍቅር ማለት ነው። ሀብተ የሚለውን ብዙዎች ከገንዘብ ጋር ያያይዙታል፤ በግዕዝ ግን ሀብት ስጦታ ነው፤ ስለዚህ ሀብተ ኢየሱስ ማለት ናትናኤል፥ ማትያስና ቴዎድሮስ የሚሉት ስሞች ሁሉ የሚናገሩትን፥ እግዚአብሔር የሰጠው መሆኑን፥ ይናገራል። ከእነዚህ ስሞች አንዱን ብቻ ነጥሎ መጥራት ግን ነገሩን ያጐድለዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ፎርም ስማቸው ለሁለት እየተቈረጠ ገብረ ብቻ ተብለው ይጠራሉ፤ አገልጋይ ተብሎ የማን አገልጋይ እንደ ሆነ ሳይነገር ይቀራል። አንዳንድ ወንጌላውያን ወጣቶች ደግሞ አባታቸው ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ሚካኤል መባሉን እንደ ነውር ቈጥረው ስሙን ሊያሳጥሩት ይሻሉ። እኛ ይህን አንመክርም። ስሙን ያወጡት አያቶች በነበራቸው ብርሃን ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ወገን ሰጥተዋል፤ አባትህን አክብር የሚለው ትእዛዝም የአባትን ስም ይጨምራል። የምንጠመቀው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው እንጂ በራሳችን ስም አይደለምና መዳናችን ከስማችን አይነሣም፥ በስማችንም አይቀርም።

ወደ እነዚያ ቤተ ሰብ እንመለስ። ሳምንቱ ሲደርስ መጡ። እኛም ስለ ሔዋንና ስለ ሴት ነገርናቸው፤ አያቲቱ ፊታቸው በራ። ነገር ግን ዝም ልንለው ያልቻልነው ሌላ ክፍል ነበረ። ራሔል ስትሞት ልጇን ቤንኦኒ፥ የጭንቀቴ ልጅ፥ ብላ ጠርታው ነበር፤ ያዕቆብ ግን ብንያም፥ የቀኝ እጅ ልጅ፥ አለው (ዘፍ. 35፥18)። አባቱ ልጁ ዕድሜውን ሁሉ የእናቱን ሞት እየተሸከመ እንዲኖር አልወደደም። ሔዋን በስሙ ያጣችውን አስታወሰች፥ ሰጪውንም ጠራች፤ ያዕቆብ ደግሞ የሐዘኑን ስም ከልጁ ላይ አነሣ። ሁለቱም በመጽሐፍ ተጽፈዋል፤ ሁለቱንም መጽሐፍ አልነቀፈም። ስለዚህ ምትኩ ኃጢአት አይደለም፥ ናትናኤልም ጽድቅ አይደለም አልን፤ አባትየው በዚህ ትንሽ እንዳዘነ ከፊቱ አየን።

ከዚያም ወደ እናቲቱ ዞር ብለን፥ «አንቺስ፥ ልጄ፥ ማን ልትዪው ወደድሽ?» ብለን ጠየቅን። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በኋላም፥ «የሞተው ልጄ ምትክ የለውም። ይህኛውም ምትክ አይደለም፤ ራሱ ነው» አለች። አያቲቱ በነጠላቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። እኛም የልያን ታሪክ አነበብንላቸው። ባሏ ያልወደዳት ልያ ሦስቱን ልጆቿን ስትሰይም ሁሉ ከስማቸው ጋር ያነሣችው የራሷን መከራ ነበረ፤ መናቋን፥ መጠላቷን፥ ባሏ እንዲጠጋት መናፈቋን። አራተኛው ሲወለድ ግን ስለ ባሏ ምንም ሳትናገር አሁን እግዚአብሔርን እንደምታመሰግን ብቻ ተናገረች፤ ይሁዳም አለችው (ዘፍ. 29፥35)። ባሏ በዚያ ቀን ወደዳት የሚል ቃል አልተጻፈም። እናቲቱ የወለጋ ልጅ ናት። ይህን በሰማች ጊዜ፥ «ይሁዳ ልለው አልችልም፤ ሰው ይሥቅበታል። በእኛ ቋንቋ ግን ምስጋና ገለታ ይባላል፤ የእናቴ ወንድምም ገለታ ይባል ነበር» አለች። አባትየውም ጥቂት አስቦ፥ «እንግዲያስ ይህም የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ነው» አለ።

በጥምቀቱ ቀን ስሙን ስንጠይቅ አባትየው ዝም ብሎ ወደ ሚስቱ ተመለከተ፤ እርሷም በጠራ ድምፅ «ገለታ» አለች። ሕፃኑ በውኃው ደንግጦ አለቀሰ፤ አያቲቱም በዕልልታ ተቀበሉት። ዛሬ ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከሚያውኩት አንዱ ነው። አያቱ ግን እስካሁን በጓሮ በኩል «ምትኩ!» ብለው ይጠሩታል፤ እናቱም በደጅ በኩል «ገለታ!» ብላ ትጠራዋለች። እርሱም ለሁለቱም «አቤት» ይላል።